የሚካኤል ይመር የቴኒስ መዋዕል

ተምጫን ተሻግሮ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በሚያቋርጣት በደምበጫ፣ ኳስን በዱላ መምታት ለሕዝቡ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የጌታ ልደት በቀረበ ቁጥር፣ አዝመራው ተሰብስቦ ሜዳው ባዶውን ሲቀር፣ ወጣቱም ጎልማሳውም ጫፉ ቆልመም ያለ የገና ዱላውን ይዞ፣ በሁለት ወገን ተሰልፎ ጥንግ ሲያሳድድ መዋል ከአባት ከአያት የተወረሰ ልማድ ነውና። ሜዳ ቴኒስ ግን ለዚህ አገር ሰው ሩቅ ነው። እንግዲህ የአንድ ቴኒስ ተጫዋች ታሪክ ለጎጃም አንባቢ ምን ይረባዋል የሚል ቢኖር፣ አንደኛ ታሪኩ ከኢትዮጵያውያን አባትና እናት በባዕድ አገር የተወለደ ልጅ ታሪክ ስለ ሆነ፣ ሁለተኛም ያ ልጅ የተሰናከለበት ሕግ ዛሬ ከየቀበሌው እየሮጡ ወደ ዓለም አደባባይ የሚወጡትን የእኛን ልጆችም የሚጠብቃቸው ስለ ሆነ፣ ይረባዋል ብዬ አምናለሁ። ዘመኑን ሁሉ የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው።

የሚካኤል አባት ወንድወሰን ይመር በኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጭ የነበረ ሰው ነው፤ እናቱ ቀለመወርቅ ሐኪም ናት። እነዚህ ባልና ሚስት አገራቸውን ለቀው በደቡብ ምዕራብ ስዊድን በምትገኘው በስካራ ከተማ ኑሯቸውን መሠረቱ። ስካራ በሕዝብ ብዛት ትንሽ ብትሆንም በክርስትና ታሪክ ትልቅ ቦታ ያላት፣ ከስዊድን አህጉረ ስብከት ሁሉ ቀዳሚ የሆነው መንበረ ጵጵስና የቆመባት፣ ጥንታዊ ካቴድራሏ እስከ ዛሬ የከተማይቱ ጌጥ የሆነ ቦታ ናት። በዚህች ከተማ የበኩር ልጃቸው ኤልያስ ሚያዝያ 2 ቀን 1988 ዓ.ም. ተወለደ፤ ሁለተኛው ሚካኤል ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 1990 ዓ.ም. አዲሱ ዘመን ሊብት ሁለት ቀን ሲቀረው ተከተለ፤ ከእነርሱም በኋላ ሦስተኛው ራፋኤል መጣ። አንዱን ልጅ በነቢይ፣ ሁለቱን በሊቃነ መላእክት ስም መጥራታቸው፣ ወላጆቹ አገራቸውን ቢለቁም ያደጉበትን ሥርዐት እንዳልለቀቁ ያሳያል።

የሯጭ ልጆች ሯጭ ይሆናሉ ተብሎ ቢታሰብ ማንም አይፈርድም። ነገር ግን የተወለዱባት አገር በቴኒስ የታወቀች ነበረች። ቢዮርን ቦሪ የሚባለው ስዊድናዊ ዊምብልደን በሚባለው በለንደኑ ታላቅ ውድድር አምስት ዓመት በተከታታይ ዘውዱን ጭኖ፣ ከእርሱም በኋላ ማትስ ቪላንደርና ስቴፋን ኤድበሪ ተነሥተው፣ ያቺ ብርዳም አገር የቴኒስ ሊቃውንት መፍለቂያ ተብላ ነበር። የይመር ልጆች ራኬት በጨበጡበት ዘመን ግን ያ ክብር እየደበዘዘ ሄዶ፣ ሮቢን ሰደርሊንግ ብቻውን የአገሩን ስም ይዞ ቀርቶ ነበር፤ እርሱም ገና በጎልማሳነቱ በሕመም ምክንያት ጨዋታውን ተወ። ስለዚህ ስዊድን ወራሽ ስትፈልግ፣ ወራሾቿ ከስካራ፣ ከሐበሻ ቤት ብቅ አሉ።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ሜዳው ርዝመቱ 23 ሜትር ከ77 ሳንቲም፣ አንድ ለአንድ ሲጫወቱበት ስፋቱ 8 ሜትር ከ23 ሳንቲም ነው፤ በመካከሉ የተዘረጋው መረብ መሐሉ ላይ ከአንድ ሜትር ያነሰ ቁመት አለው። በታላላቆቹ ውድድሮች ወንዶች የሚጋጠሙት «ሴት» ከሚባሉት አምስት የጨዋታ ክፍሎች ሦስቱን ለመውሰድ ነው፤ ይህም አራትና አምስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ተጫዋቹ የሚያግዘው ባልንጀራ የለውም። ከሁሉ የሚበልጡት ውድድሮች አራት ናቸው፤ በሜልበርን፣ በፓሪስ፣ በለንደንና በኒው ዮርክ የሚደረጉት። ስሙ በዓለም መዝገብ ከላይ ያልተጻፈ ተጫዋች ወደነዚህ የሚገባው በደጅ ነው፤ 128 ሆነው ከሚሰለፉት ማጣሪያ ተጫዋቾች ሦስት ጊዜ ተከታትለው ያሸነፉ 16 ብቻ ወደ ዋናው ውድድር ይዘልቃሉ።

ይህን የደጅ ፈተና ታላቁ ወንድም ኤልያስ በ2007 ዓ.ም. አራት ጊዜ አለፈው። በጥር በሜልበርን፣ በግንቦት በፓሪስ፣ በሰኔ በለንደን፣ በነሐሴ በኒው ዮርክ፣ እያንዳንዱን ማጣሪያ ሦስት ሦስት ጊዜ አሸንፎ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በአራቱም ታላላቅ ሜዳዎች ቆመ። ገና 19 ዓመቱ ነበር። እውነት ነው፣ በአራቱም የመጀመሪያውን ዙር ማለፍ አልሆነለትም፤ ይሁን እንጂ ዓመቱን ሙሉ፣ በአራት ከተሞች፣ ያለ አንዳች መሰናክል ያን ደጅ ማለፍ ብዙ የታወቁ ተጫዋቾች ያልታደሉት ነገር ነው፤ በእኔ ፍርድም ይህ የኤልያስ ሥራ ከሚገባው ያነሰ ምስጋና አግኝቷል።

በዚያው ሰኔና ሐምሌ፣ በዚያው በዊምብልደን ሣር ላይ፣ አንድ የሚያስደንቅ አጋጣሚ ሆነ። ኤልያስ በዋናው ውድድር የገጠመው የክሮኤሺያው ኢቮ ካርሎቪች ሲሆን፣ እርሱም 2 ሜትር ከ11 ሳንቲም የሚረዝም፣ ኳሷን ከሰማይ የሚያወርዳት የሚመስል ግዙፍ ሰው ነበር። ታናሹ ሚካኤል ደግሞ ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ በወጣቶች ምድብ ተጋጣሚዎቹን አንድ በአንድ እየጣለ እስከ ፍጻሜ ደረሰ፤ በፍጻሜውም የቆመበት አሜሪካዊው ራይሊ ኦፔልካ እንደ ካርሎቪች ሁሉ ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝም ልጅ ነበር። ሁለቱም ወንድማማቾች በረዣዥሞቹ እጅ ወደቁ። ሚካኤል ግን የተሸነፈው 7 ለ6 እና 6 ለ4 ነበር፤ ማለትም ሁለቱንም ክፍል በጥቂት ነጥብ ብልጫ ነው ያጣው፤ ስለዚህም የስዊድን ጋዜጦች የልጁን ስም ከዚያን ቀን ጀምሮ አልረሱትም።

በጥቅምት 2009 ዓ.ም. በስቶክሆልም በተደረገው ውድድር ሁለቱ ወንድማማቾች በጥንድ ተሰልፈው ገቡ። በጥንድ ጨዋታ አንዱ ወደ መረቡ ሲቀርብ ሌላው ከኋላ ይጠብቃል፤ ኳሷ በመካከላቸው ስትመጣ ማን ይምታት የሚለው ጥያቄ በቅጽበት መመለስ አለበት፤ ለዚህም የጋራ ልምምድ ብቻ አይበቃም፣ የአንዱ ልብ በሌላው ዘንድ መታወቅ አለበት። በአንድ ጣራ ሥር ያደጉት ልጆች ይህን አልተቸገሩበትም። በፍጻሜው የተገናኟቸው ማቴ ፓቪችና ማይክል ቪነስ በጥንድ ጨዋታ የተካኑ፣ ኋላም በዚያው ሙያ ታላቅ ስም ያተረፉ ሰዎች ነበሩ፤ የይመር ልጆች ግን 6 ለ1፣ 6 ለ1 አሸንፈው፣ በገዛ አገራቸው ዋና ከተማ፣ በሕዝባቸው ፊት ዋንጫውን አነሡ። ያን ጊዜ ኤልያስ 20፣ ሚካኤል 18 ዓመታቸው ነበር። ሁለቱ በአንድነት ካገኙት ድል ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

ከዚያ በኋላ የታላቁና የታናሹ መንገድ ቀስ በቀስ ተለያየ። ኤልያስ በሰኔ 2010 ዓ.ም. በዓለም መዝገብ 105ኛ ሆኖ ተጻፈ፤ ወደ መቶዎቹ ክልል ለመግባት አምስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ሚካኤል ግን በ2011 ዓ.ም. እና በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ቻሌንጀር ከሚባሉት የሁለተኛ ደረጃ ውድድሮች አራቱን አሸነፈ፤ የመጀመሪያውን በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ በምትገኘው በኑሜያ፣ ሁለተኛውን በፊንላንድ በታምፔሬ፣ የቀሩትን ሁለቱን በፈረንሳይ። እነዚህ ውድድሮች ተመልካቻቸው ጥቂት፣ ሽልማታቸው መጠነኛ ነው፤ ተጫዋቹ ሻንጣውን እየጎተተ ከአገር አገር የሚዞርባቸው፣ አብዛኛው ወጣት ተስፋ ቆርጦ የሚመለስባቸው ናቸው። ሚካኤል ከዚያ ወጣ፤ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በሚላኖ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት ያልበለጠ ስምንት ምርጦች ብቻ በሚጋበዙበት ውድድር ከተጠሩት አንዱ ሆነ። በዚያም፣ ኋላ የዓለም ቁጥር አንድ ከሆነው ከጣሊያናዊው ያኒክ ሲነር ጋር ተጋጥሞ ተሸነፈ።

የሚካኤል የአጨዋወት ጠባይ ከአባቱ የወረሰው ይመስላል። ተጋጣሚውን በአንድ ምት የሚጥል ኃይለኛ ክንድ አልነበረውም፤ ነገር ግን እግር ነበረው። የማትደረስ የምትመስለውን ኳስ ደርሶ ይመልሳታል፤ እንደ ገና ይመልሳታል፤ በአምስተኛው ክፍል ተጋጣሚው ሲያለከልክ እርሱ ገና እንደ ጀመረ ይሆናል። ስለዚህ ረጅም ጨዋታ ለእርሱ ጸጋ ነበር። በየካቲት 2013 ዓ.ም. በሜልበርን የፖላንዱን ሁበርት ሁርካችን በአምስት ክፍል ጨዋታ አሸንፎ፣ በሁለተኛው ዙር ካርሎስ አልካራዝ የሚባል የ17 ዓመት የስፔን ልጅ ገጠመው። አልካራዝ የመጀመሪያውን ክፍል 6 ለ2 ወሰደ፤ ሚካኤል ሳይደነግጥ ቀሪዎቹን ሦስቱን ተከታትሎ ወሰደ። ያ ልጅ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ የዓለም ቁጥር አንድ ሆኖ መሾሙን ስናስታውስ፣ የዚያን ቀን ድል ክብደት ይገባናል። በሦስተኛው ዙር ግሪካዊው ቺቺፓስ አስቆመው። በግንቦት ወር በፓሪስ ፈረንሳዊውን ጋኤል ሞንፊስን በወገኖቹ ፊት ረታ። በነሐሴም በአሜሪካ በዊንስተን ሳሌም ለመጀመሪያ ጊዜ በዋናዎቹ ውድድሮች ፍጻሜ ደረሰ፤ ሆኖም የቤላሩሱ ኢሊያ ኢቫሽካ 6 ለ0፣ 6 ለ2 አሸነፈው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ወንድማማቾቹ የስዊድንን ማልያ ለብሰው በማድሪድ በዴቪስ ዋንጫ ተሰለፉ፤ በካናዳ ላይ ሁለቱም የየራሳቸውን ጨዋታ አሸነፉ፤ አገራቸውም ሩብ ፍጻሜ ገብታ በሩሲያ እጅ ወጣች።

የውጭው ሰው ያየው ይህን ነው። በመዝገብ ቤት ግን ሌላ ነገር ይጻፍ ነበር።

በዚህ ዘመን በስፖርት ከፍ ያለ ደረጃ ደርሶ በምርመራ መዝገብ የተጻፈ ሰው ሁሉ፣ አበረታች ቅመም አለመውሰዱ ይመረመር ዘንድ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በየቀኑ አንድ ሰዓት መርጦ፣ በዚያች ሰዓት የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ማስመዝገብ አለበት። መርማሪው ሳይነግረው ይመጣል፤ በተጻፈው ቦታ ካጣው አንድ ጥፋት ተብሎ ይያዝበታል። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ እንዲህ የሆነ ሰው፣ በደሙም በሽንቱም አንዳች ባይገኝ እንኳ፣ ሕጉን እንደ ጣሰ ተቆጥሮ እስከ ሁለት ዓመት ይታገዳል። ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ አጭበርባሪው መደበቅን ያውቃልና፣ መደበቅን ራሱን ጥፋት ካላደረጉት እርሱን የሚይዙበት መንገድ የለም። ነገር ግን በየሳምንቱ ከከተማ ወደ ከተማ ለሚዞር፣ ዛሬ ከተሸነፈ ነገ ሌላ አገር ለሚያድር የቴኒስ ተጫዋች፣ ይህን መዝገብ ማስተካከል ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሚካኤል በሚያዝያና በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ሳይገኝ ቀረ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደግሞ በፈረንሳይ ሮአን በምትባል ከተማ፣ መርማሪው በመዝገብ ወደ ተጻፈው ሆቴል ቢደርስ ሚካኤል በዚያ አልነበረም። ሦስት ሞላ።

ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከሰሰው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ጉዳዩን የመረመረው ገለልተኛ ሸንጎ ነጻ ለቀቀው። ፌዴሬሽኑ ግን በብያኔው አልረካም፤ በስዊዘርላንድ በሎዛን ወደሚገኘው የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ይግባኝ አለ። ሚካኤልም ከዚያ ወዲያ ከዓመት በላይ፣ ፍርዱ በላዩ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ እየተጫወተ ቆየ።

እነሆ ከፍተኛውን ማዕርግ ያገኘው በዚህ የጭንቅ ዘመን ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በዋሽንግተን ብሪታንያውያን የሚኮሩበትን አንዲ መሪን አሸነፈ፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በዓለም 50ኛ ሆነ። ከአንድ ወር በኋላ ግን ትዕግሥቱ አለቀች። በሊዮን ከተማ በቀይ አፈር ሜዳ ሲጫወት፣ የተጋጣሚው ኳስ ከመሥመር ውጭ ወድቃለች ብሎ፣ ዳኛው ከወንበሩ ወርዶ ምልክቷን እንዲያይለት ለመነ፤ ዳኛው አልወርድም አለ። ሚካኤል ነጥቡንም ጨዋታውንም እያጣ ሄዶ፣ ወደ ዕረፍት ሲመለስ በራኬቱ የዳኛውን ወንበር ደጋግሞ መታ፤ ወዲያውም ከውድድሩ ተባረረ። በእኛ አገር ድሮ በገና ዕለት ባላባቱም ከጭሰኛው ጋር እኩል ሆኖ ዱላ ሲቀምስ አይቆጣም ነበር፤ ያ ግን ለአንድ ቀን የተፈቀደ ነጻነት ነበር፤ በተመዘገበ ውድድር ላይ በዳኛ ላይ የተነሣ እጅ ምክንያቱ ምንም ቢሆን የሚወቀስ ነው፤ እኔም አልከላከልለትም። ሆኖም የክርክሩ ጭነት በትከሻው ላይ እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው፣ ወቀሳውን ከሐዘን ጋር ይወቅሳል።

ከዚያ ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ በሰኔ ማለቂያ፣ ሚካኤል የሕይወቱን ጨዋታ ተጫወተ። በዊምብልደን ሁለተኛ ዙር የተሰለፈበት አሜሪካዊው ቴይለር ፍሪትስ በውድድሩ ዘጠነኛ ተብሎ የተመደበ፣ ምቱ እንደ ጅራፍ የሚጮህ ተጫዋች ነበር። የመጀመሪያውን ክፍል ፍሪትስ 6 ለ3 ወሰደ፤ ሁለተኛውንም 6 ለ2። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው አብቅቶለታል ይላል። ሚካኤል ግን ከኋላ መሥመር ላይ እንደ ቆመ፣ የመጣችውን ሁሉ እየመለሰ፣ ፍሪትስን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያስሮጠ ሦስተኛውን 6 ለ3 አስመለሰ። አራተኛውን 6 ለ4። በአምስተኛው የፍሪትስ እግር ከሣሩ መነሣት ሲያቅተው፣ የሯጩ ልጅ 6 ለ2 ዘጋው። በሦስተኛው ዙር የኮሎምቢያው ዳንኤል ጋላን አሰናበተው፤ ያ ሽንፈት ግን የፍሪትስን ጨዋታ አያጠፋውም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. የሎዛኑ ፍርድ ቤት ብያኔ ሰጠ። የቀድሞው ሸንጎ ውሳኔ ተሻረ፤ ሚካኤል ይመር 18 ወር ታገደ። ገና 24 ዓመቱ ነበር። እርሱም አበረታች ቅመም ፈጽሞ አለመውሰዱን፣ ወስደሃል ተብሎም አለመከሰሱን ገለጸ፤ አንድ ጊዜ ነጻ ከተባለ በኋላ በዚያው ጉዳይ እንደ ገና መፈረዱም እንዳልተዋጠለት ተናገረ። ነሐሴ 15 ቀን፣ የፍልሰታ ጾም በሚፈጸምበት ዕለት፣ ከቴኒስ ሙያ መሰናበቱን በጥቂት ቃላት አስታወቀ።

ስለ ፍርዱ የራሴን ልናገር። ዳኞቹ የተጻፈውን ሕግ ሠርተውበታል፤ ሦስት ጥፋት በ12 ወር ውስጥ መሙላቱ አልተካደም፤ ተከሳሹም መዝገቡን ከማንም በላይ መጠበቅ የነበረበት እርሱ ራሱ ነው። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን በምርመራ ያልተገኘበት ሰው፣ በመጀመሪያው ሸንጎ ነጻ የወጣ ሰው፣ ጉልበቱ በበሰለበት ዘመን 18 ወር ከሜዳ ሲርቅ፣ ቅጣቱ ከጥፋቱ መጠን አልፏል እላለሁ። ደግሞም ዕገዳ የሚለው ቃል በጋዜጣ ሲወጣ አንባቢው ቅመም የወሰደ ነው ብሎ ያልፋል፤ ልጁ ግን በዚህ አይታማም፤ ታሪኩን የሚጽፍ ሁሉ ይህን ለይቶ የማስቀመጥ ግዴታ አለበት።

ስንብቱም ለሁልጊዜ አልሆነም። የዕገዳው ጊዜ በጥር 2017 ዓ.ም. ሲፈጸም ሚካኤል ራኬቱን እንደ ገና አነሣ፤ በ50ኛነት የተጻፈው ስሙ ከመዝገብ ተፍቆ ስለ ነበር፣ ከትንንሾቹ ውድድሮች ጀምሮ ያን የሚያደክም መሰላል እንደ ገና መውጣት ያዘ።

አሁን ነገሬ ወደ አገር ቤት ይመለስ። የጎጃም ምድር ሯጭ ታበቅላለች፤ ውዴ አያሌው በነሐሴ 2001 ዓ.ም. በበርሊን የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ነሐስ ስታገኝ የዚህ አገር ልጅ መሆኗን ሁላችን ሰምተናል። ዛሬም በደምበጫ፣ በሰከላ፣ በቲሊሊና በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በማለዳ የሚሮጡ ልጆች አሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ነገ በዚያ የምርመራ መዝገብ ይጻፋሉ። ብዙዎቹ የሚኖሩት ስልክ በማይደርስበት ቀበሌ ነው፤ ለሠርግም ለለቅሶም ሳይናገሩ ይሄዳሉ፤ መዝገባቸውንም ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ይሞላላቸዋል። አሠልጣኞች፣ የስፖርት መምህራን፣ ወላጆችም፣ ልጁ የመጀመሪያውን የውጭ ውድድር ከመሮጡ በፊት ይህችን የአንድ ሰዓት ሕግ በሚገባው ቋንቋ አስረዱት፤ የኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣንም ትምህርቱን ከአዲስ አበባ አውጥቶ እስከ ወረዳ ያድርስልን።